ቦርደርላይን በደም ምርመራ አይታወቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እዚህ ጎንደር ታማሚ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች «ደሙን መርምራችሁ ንገሩን» ይላሉ። ቦርደርላይን የሚባለውን የስብዕና መታወክ የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ የራስ ቅል ፎቶ የለም። ደም የሚቀዳው እንደ ታይሮይድ ዕጢ መታወክ ያለ ሌላ ምክንያት ካለ ለማጣራት ነው።

ምርመራው ረጋ ያለ ቃለ መጠይቅ ነው። ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ከወጣትነት ጀምሮ፣ በቤትም በውጭም መታየት አለባቸው፦ እተዋለሁ ብሎ አጥብቆ መፍራት፣ ትናንት ያመሰገኑትን ዛሬ መጥላት፣ ራስን መጉዳት፣ የማይለቅ ባዶነት፣ የማይገታ ቁጣና የመሳሰሉት። ዕድሜው 18 ካልሞላ ምልክቱ 1 ዓመት መቆየት ይኖርበታል። 10 ጥያቄዎች ያሉት አጭር መጠይቅም አለ፤ 7 «አዎ» ጥርጣሬን ያጠናክራል እንጂ ብቻውን ውሳኔ አይሆንም።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው ባይፖላር ከሚባለው፣ ስሜት በየወቅቱ እጅግ ከፍና ዝቅ ከሚልበት ሕመም ጋር ሲምታታ ነው። ማኒያ የሚባለው የባይፖላር ከፍ ያለ የስሜት ወቅት አብዛኛውን ጊዜ 1 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይዘልቃል፤ የቦርደርላይን ስሜት ግን ብዙ ጊዜ ከሰው ጋር በተፈጠረ ግጭት ተቀስቅሶ በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል። ስለዚህ ቤተሰብ «ምን ቀሰቀሰው? ምን ያህል ቆየ?» የሚለውን መዝግቦ ቢመጣ እጅግ ይረዳናል። በስካር ወይም በምርቃና ሰዓት ብቻ የታየ ጠባይ አይቆጠርም። ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ሰው ግን፣ ጠበል ላይም ቢሆን፣ የዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ይምጣ።

የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች፣ ከጎንደር