ሞተሩ በሰዓት 20 ሊትር፣ ደብዳቤው በሳምንት 20 ሊትር፦ ለቢሮ ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

በዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን ማኅተም ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተዋል። ቁጥር አላቸው፣ መልስ የላቸውም። በአካል ስመጣም ወይ ስብሰባ ላይ ነዎት ወይ ፊልድ ወጥተዋል። አራተኛውን እዚህ የጻፍኩት ቢያንስ ሰው ያነበዋል ብዬ ነው። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ እርስዎ ያውቁታል።

ነገሩ ሪባን የቆረጣችሁለት የጀልባ ሞተር ነው። 40 የፈረስ ጉልበት፣ ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠልበት)፣ ረጅም እግር (ፕሮፔለሩን ውኃ ውስጥ የሚያወርደው ክፍል ረጅም የሆነ)። ያን ቀን አጨብጭበናል፣ አልክድም። ግን ከመግዛታችሁ በፊት "ጀልባችሁ ምን ያህላል?" ብሎ የጠየቀን አንድ ሰው አልነበረም።

እኛ መረብ የምንጥለው በመቅዘፊያ ነው። ሞተር የሚያስፈልገን ማዶ ያደረውን ቆሮሶና አምባዛ ሰብስበን ፀሐይ ሳይበረታ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ለማድረስ ነው። ከረፈደ ዓሣው የአሞራዎቹ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሞተር ደግሞ ሞልቷል። የድሮዋ ያማሃችን 15 ፈረስ ናት፣ 36 ኪሎ ገደማ፣ ማታ ለሁለት ይዘን ቤት እናስገባታለን። ቶሃትሱ የሚባለው ባለ 9.8 ፈረስ ቱ ስትሮክ ደግሞ 26 ኪሎ ነው፣ አንድ ጎረምሳ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ይሄዳል፤ ግን ጀልባው ሞልቶ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ያቃስታል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይጥላል፣ 15 የተባለው እዚህ 12 ተኩል ቢሰጥ ነው። ቤንዚኑም ለአየሩ ስለሚበዛ ካንዴላ ቶሎ ይጠቁራል። እኔ ያቺን 15 ገመዷን ሁለቴ ስቤ እምቢ ካለችኝ ካንዴላዋን ፈትቼ በሸሚዜ ጫፍ እጠርገዋለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ትነሳለች። አርጅታለች እንጂ ለዚህ ሐይቅ ልኩ እሷ ናት።

"ታዲያ 40 አይሻልም?" እንዳይሉኝ። ሞተር የሚንጠለጠልበት የጀልባችን የኋላ ጣውላ ቁመቱ 38 ሴንቲ ሜትር ነው። የእናንተ ሞተር እግር ደግሞ ለ51 የተሠራ ነው። ትርፉ 13 ሴንቲ ፕሮፔለሩን ወስዶ ዳር ዳር ያለው ጭቃና ሣር ውስጥ ይከተዋል። የመጀመሪያው ቀን ገና ከዳር ሳንርቅ ሣር ተጠመጠመበትና ቀጥ አለ። ከ70 ኪሎ በላይ ብረት ከኋላ ተንጠልጥሎ የጀልባው አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና፣ በኋላ በኩል ውኃ ገባ። አብሮኝ የነበረው ልጅ በተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ይቀዳል፣ እኔ በደረቴ ተኝቼ በዓሣ ቢላዋ ሣር እቆርጣለሁ፣ ጉማሬው ደግሞ ጆሮውን እያርገበገበ ከሩቅ ያየናል። የዚያን ዕለት ዓሣ ማንም አልበላውም።

እሺ፣ እግሩንስ ጣውላውን ከፍ አድርገን እንቻለው። ቤንዚኑስ?

ቤንዚን ያለ ድጋፍ ደብዳቤ በጀሪካን እንደማይቀዳልን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጀልባ ደግሞ ማደያ ድረስ አይነዳም። ደብዳቤውን የሚጽፍልን የእርስዎው ቢሮ ነው፣ የተፈቀደልን በሳምንት 20 ሊትር። 40 ፈረስ ቱ ስትሮክ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በአንድ ሰዓት ወደ 20 ሊትር ይጠጣል! ያቺ 15 በ7 ወይም በ8 ትሠራለች። ስለዚህ ሰኞ አንድ ሰዓት እንሄዳለን፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ሰኞ እንጸልያለን። ሞተሩን የገዛውና ደብዳቤውን የፈረመው አንድ ቢሮ መሆኑ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

"ወስዳችሁ በ15 ቀይሩልን" ስንል ባለሙያዎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቱ ስትሮክ ሐይቁን ስለሚበክል ሌላ አንገዛም።" ዝም ብዬ አየሁት። መበከሉ እውነት ነው። ዘይቱን ከቤንዚን ጋር እንቀላቅላለን፣ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ። ካርቡሬተር ያለው ቱ ስትሮክ ደግሞ ከሚጠጣው ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ውኃው ላይ ይተፋዋል። አሜሪካኖች ታሆ በሚባል ሐይቅ ላይ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አግደውታል። የእኛ ሐይቅ ጥቁር ውኃ የሚባለውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፣ የገባበት ዘይት እዚያው ነው። ይኼን እኮ ውኃው ላይ የምናድረው እኛ እናየዋለን። ግን የ8 ሊትር ሩብ ይበልጣል ወይስ የ20 ሊትር ሩብ? ብክለቱ ካሳሰባችሁ ዘይት ከቤንዚን ጋር የማይቀላቀልበትን ፎር ስትሮክ ስጡን። የቶሃትሱ 9.8 ፎር ስትሮክ 37 ኪሎ ነው፣ ከቱ ስትሮኩ 11 ኪሎ ይበልጣል፣ እንሸከመዋለን። ከአቅም በላይ ቢሆንብን ምሬት አናበዛም።

መልሱ ግን "አንዴ የተሰጠ ንብረት አይመለስም" ሆነ። ሞተሩ ስቶር ውስጥ ተሸፍኖ ቆሟል፣ ሪባኑ እጀታው ላይ እንደታሰረ ነው። በየስድስት ወሩ ከቢሮዎ ሰው መጥቶ ይቆጥረዋል፣ "አለ" ብሎ ጽፎ ይሄዳል።

ወይ ሰው ይላኩና ይውሰዱት። ካልሆነም ያን የርክክብ ፎቶ ከገጻችሁ ላይ አውርዱልን። ከፊት ሆኖ ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ የሚያጨበጭበው እኔ ነኝ፣ ማዶ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ባዩኝ ቁጥር እየከፈቱ ያሳዩኛል።