መስመሩ ሰፊ ሆኖ ጥሪው ለምን ይቆራረጣል?

ሰላም ለሁላችሁ፣

«ባንድዊድዝ ጨምረንም የድምፅ ጥሪው ይቆራረጣል» የምትሉ በዝታችኋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ የስፋት ሳይሆን የወረፋ ነው። ኢንተርኔት ለፓኬት (መረጃው ተከፋፍሎ ለሚላክበት ትንሽ ጥቅል) ዋስትና አይሰጥም፤ የቻለውን ያደርሳል። አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ወደ ኢንተርኔት መጫን ሲጀምር የራውተሩ ማቆያ ጢም ብሎ ይሞላል። የድምፅ ፓኬቶችም ከኋላ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ፋይሉ ቢዘገይ ግድ የለም፤ ጥሪ ግን አይችለውም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት (አይቲዩ) ጂ.114 ምክረ ሐሳብ የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። መስመሩ ሥራ ሲበዛበት ፒንግ አድርጉና (አጭር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የሚለካ ሙከራ ነው) ባዶ ሲሆን ካገኛችሁት ጋር አወዳድሩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ራውተሩ ላይ ኤፍኪው-ኮዴልን (ወረፋውን አጭር አድርጎ ተራውን የሚያካፍል ዘዴ) አብሩ። የመላኪያ ፍጥነቱንም ከመስመሩ ትክክለኛ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ገድቡ። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል! ካልገደባችሁ ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ይፈጠራል፤ እዚያ ደግሞ ራውተራችሁ አያዝም።

ድምፅን በዲኤስሲፒ 46 (ፓኬቱ ቅድሚያ እንዲሰጠው የሚጠይቅ ቁጥር) ምልክት ማድረግም ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ አትመኩበት። ከራሳችሁ ኔትወርክ ከወጣ በኋላ ምልክቱ ሊሰረዝ ወይም ዞር ብሎ የሚያየው ሊያጣ ይችላል።

ሁለቱን የፒንግ ውጤቶች ላኩልን፤ አብረን እናያለን።