የልጆች ተደራራቢ አልጋና እርጥብ ግድግዳ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ በከተማችን በሐዋሳ የቤት ዕቃ መሸጫዎችና የብየዳ ቤቶች ደጃፍ ላይ ተደራራቢ አልጋ ተደርድሮ ማየት የተለመደ ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸውም ሆኑ በኪራይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሁለትና ሦስት ልጆችን በአንዲት ጠባብ ክፍል ማስተኛት ግድ ስለሚሆንባቸው፣ አልጋውን ወደ ላይ መደረባቸው ብልህነት እንጂ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሌላ ነው፤ ገዢና ሻጭ ሲነጋገሩ የምሰማው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ዋጋውና ስለ መሳቢያው ብዛት ሲሆን፣ አልጋው የሚቆምበት ክፍል አየር ያገኝ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የእንጨት ሥራ በማስተማር የምተዳደር ሰው እንደ መሆኔ፣ በዚህ ረገድ የማውቀውን ለአንባቢዎቻችሁ ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሐዋሳ እንደ ጋምቤላ በወበቅ የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ቀዝቀዝ ይላል፤ የቤት ውስጥ እርጥበት ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በዝናቡ ወራት ቀኑን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ የዋለ አየር፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ መሸከም አቅቶት ባገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያራግፈዋል። በብሎኬት የተሠራው የውጭ ግድግዳ፣ የብረት መስኮቱና የቆርቆሮ ጣሪያው በየጠዋቱ የሚያልባቸው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ የተኙት ሰዎች ራሳቸው አሉ። አንድ ዐዋቂ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በላቡ ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ ወደ ክፍሉ ይለቃል። ልጆች ከዚህ ያነሰ ቢለቁም፣ ወባ ተፈርቶ መስኮቱ ተዘግቶ፣ በሩም ገርበብ ሳይል ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ሲያድሩ ያ ሁሉ ውሃ መሄጃ የለውም። ምድር ቤት ለሚኖር ወይም የመኝታ ክፍሉ ከሻወር ጋር አንድ ግድግዳ ለሚጋራ ሰው ነገሩ ከዚህም ይብሳል። የታጠበ ልብስ በክፍሉ ውስጥ የሚያሰጣ ካለ ደግሞ እሱንም ይጨምሩበት።

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የልጆቹ አልጋ መጥፎ ሽታ እንዳመጣ ነግሮኝ ቤቱ ሄጄ ነበር። አልጋው ከሱቅ የተገዛ፣ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ መሳቢያ ያለው፣ የፍራሹ ማረፊያም ወጥ ችፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚሠራ ሰሌዳ) የሆነ ነው። የታችኛውን ፍራሽ ስናነሣው ሆዱ በግድግዳው በኩል በጥቃቅን ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ተወርሷል፤ የችፑዱ ጠርዝ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ አብጦ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። መሳቢያዎቹም አብጠው አልሳብ አሉን። አልጋውን ከቦታው ስናንቀሳቅሰው የግድግዳው ቀለም ልክ በአልጋው ቁመትና ወርድ ተላጦ ታየን፤ ከአልጋው ውጭ ያለው ግድግዳ ግን ደህና ነበር። ልጆቹ ክረምቱን በሙሉ ሲያስላቸው መክረሙን እናታቸው የነገሩን ይህን እያየን ነው። ሳሉ ከሻጋታው ነው ብዬ ለመፍረድ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ሕመምና ለአስም የበለጠ እንደሚጋለጡ አስታውቋል።

በዚያ ቤት የሆነውን ለመረዳት የተለየ ዕውቀት አያስፈልግም። ከልጁ ገላ የሚወጣው ሙቀትና እርጥበት በስፖንጁ ውስጥ አልፎ ወደ ታች ሲወርድ ቀዝቃዛና ወጥ ሰሌዳ ያገኛል፤ እዚያው ውሃ ሆኖ ይቀራል። ከሰሌዳው በታች ያለው ቦታ በመሳቢያ ስለተዘጋ፣ ጀርባውም ከግድግዳ ጋር ስለተጣበቀ አየር ሊደርስበት አይችልም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ክፍል የሚመረጠው አልጋ ከሥሩ ክፍት የሆነ፣ ፍራሹም በወጥ ችፑድ ወይም በኮምፔርሳቶ ላይ ሳይሆን በርብራብ ጣውላ ላይ የሚያርፍ ነው። በርብራቦቹ መካከል ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖር አየር ያልፋል፤ ስፖንጁም አይሰምጥም። ከዚህ ሲሰፋ ግን ፍራሹ በክፍተቶቹ መካከል እየጎደጎደ ቶሎ ያረጃል። መሳቢያ ዕቃ ማስቀመጫ ላጣ ቤተሰብ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በእርጥብ ክፍል ውስጥ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያንሳል። ከአልጋው ሥር ዕቃ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ፣ እግር ባለውና በቀላሉ ተጎትቶ በሚወጣ ሣጥን ቢሆን ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልመጣ። አልጋው ከውጭ ግድግዳ ቢያንስ አምስት፣ ቢቻል አሥር ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ይህን የነገርኋቸው ወላጆች ብዙዎቹ በሐሳቡ ይስማሙና ወዲያው አንድ አደጋ ይፈጥራሉ። በከተማችን ብየዳ ቤቶች የሚሠሩት አብዛኞቹ ተደራራቢ አልጋዎች በላይኛው አልጋ ላይ መከታ፣ ማለትም ልጅ እንዳይወድቅ የሚይዝ አጥር፣ የሚደረግላቸው ወደ ክፍሉ በሚያየው ጎን ብቻ ነው፤ በግድግዳው በኩል ምን አለ ብትሉ መልሱ «ግድግዳው ራሱ ይከተዋል» የሚል ነው። አልጋው ከግድግዳ ሲርቅ ግን ግድግዳው መከታ መሆኑ ይቀራል፤ የተኛ ልጅ ወደዚያ ጎን ተንከባልሎ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ሊቀረቀር ይችላል። በዚህ ዓይነት ሰውነቱ ሾልኮ ጭንቅላቱ የተያዘ ሕፃን ሊታፈን ስለሚችል ነገሩ እንደ ቀላል መውደቅ የሚታይ አይደለም። ስለ ተደራራቢ አልጋ ደኅንነት የወጣው የአሜሪካ ደንብ በግድግዳው በኩል ያለው መከታ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳይቋረጥ እንዲሄድ የሚያስገድደውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ አየርና ደኅንነት አብረው እንዲገኙ ከተፈለገ መከታው በሁለቱም ጎን መኖር ይኖርበታል። በያጁ ለዚህ የሚጠይቀው ተጨማሪ ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) ጥቂት ሜትር ነው፤ በዋጋ ክርክር ጊዜ ይህ እንዳይቀነስ አደራ እላለሁ።

የመከታው ቁመትም መለካት ያለበት ከፍራሹ አናት ነው፤ ከብረቱ አይደለም። በአሜሪካ ደንብ መከታው ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 12.7 ሴንቲ ሜትር፣ በአውሮፓ ደረጃ ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። አንድ በያጅ የ25 ሴንቲ ሜትር መከታ ሠርቶ ሲያሳያችሁ በዓይን በቂ ይመስላል፤ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ፍራሽ ስታነጥፉበት ግን የሚቀረው አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለላይኛው አልጋ ከ12 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ስፖንጅ የምመክረው ስለዚህ ነው፤ ቀጭን ፍራሽ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ለማንሣትና ለፀሐይ ለማውጣትም ስለሚቀል ለእርጥበቱም ይበጃል። በመከታው ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት በአሜሪካ ደንብ ከ8.9 ሴንቲ ሜትር በታች መሆን አለበት። አበባና ልብ ቅርጽ የተሠራበት መከታ ውበት ቢኖረውም፣ ብረት ለመቆጠብ ሲባል መካከሉ ክፍት ስለሚተው እኔ አልወደውም።

ብረት ይሻላል ወይስ እንጨት ለሚለው ጥያቄ፣ ሙያዬ እንጨት ቢሆንም መልሴ ብረት ነው፤ ርብራቡ ግን እንጨት ይሁን። በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው እንጨት በደንብ ሳይደርቅ ይሠራበታል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከጊዜ በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ መጋጠሚያው እየላላ ልጆቹ በወጡ በወረዱ ቁጥር አልጋው ይወዛወዛል። ኤም ዲ ኤፍ የሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ጭረት ሰሌዳና ችፑድ ደግሞ አንዴ እርጥበት ከጠጡ ብሎን አይዙም። በሚገባ የደረቀ የፈረንጅ ጥድ ወይም ግራቪሊያ ያገኘ ሰው፣ ቡሎኑ እንጨቱን በስቶ ወጥቶ በሮንዴላና በዳዶ የሚታሰር እስከሆነ ድረስ፣ የእንጨት አልጋ ቢያሠራ አልቃወመውም።

የብረት አልጋ የሚዝገው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ብየዳው ላይ ነው፤ ሙቀቱ ቀለሙን አቃጥሎት ሳይሞረድና አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ሳይቀባ የማስዋቢያው ቀለም በላዩ ይደረብበታል። ሁለተኛው የቱቦላሬው አፍ ነው። በተለይ በእግሮቹ ጫፍ አፉ ክፍት ሆኖ ከተተወ ወለሉ ሲታጠብ ውሃ ይገባና ብረቱ ከውስጥ ይበላል፤ ክፍት አፍ የትኋን መደበቂያም ነው። አፉ በላሜራ ይዘጋ ወይም የፕላስቲክ ቆብ ይደረግለት ብሎ ማዘዝ ብዙ ወጪ የለውም። አልጋው ከመረከቡ በፊት ላይኛው አልጋ ላይ ዐዋቂ ሰው ወጥቶ ቢቀመጥበትና ቢወዘውዘው፣ ከማንኛውም የቃል ዋስትና የተሻለ ነገር ይታያል።

ስለ አጎበር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ሐዋሳ የወባ ከተማ ናትና። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ዋናው የወባ ወቅት ሁለቱም ልጆች በአጎበር ሥር ማደር አለባቸው። የታችኛው አልጋ ቀላል ነው፤ አጎበሩ ከላይኛው አልጋ ፍሬም ላይ በአራት ማዕዘን ይታሰርና ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ይጠቀጠቃል። የሚያስቸግረው የላይኛው ነው። ጣሪያው 2 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው ፍራሽ አናት ደግሞ 1 ሜትር ከ60 ላይ ቢሆን፣ ለልጁ የሚቀረው አንድ ሜትር ነው። በዚህ ውስጥ አጎበሩ ረግቦ ገላው ላይ ካረፈ ትንኟ በአጎበሩ ቀዳዳ አፏን አስገብታ ትነድፈዋለች። አከራዩ ጣሪያና ግድግዳ መብሳት ለከለከለው ሰው የማውቀው መፍትሔ፣ የአልጋው አራት ቋሚዎች ከላይኛው ፍራሽ በላይ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲረዝሙ ማዘዝ ነው። አጎበሩ በእነሱ ላይ ተወጥሮ ይታሰራል፤ በግድግዳው በኩል የተተወው ክፍተትም እጅ ስለሚያስገባ አጎበሩን ለመጠቅጠቅ ያመቻል።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ አይተኛ። አልጋው መስኮት አይዝጋ፤ የጣሪያ ፋን ካለም ከላይኛው አልጋ እጅ የማይደርስበት መሆኑ ይረጋገጥ። የመሰላሉ መርገጫ ከክብ ቱቦ ይልቅ ጠፍጣፋ ቢሆን ልጆች በባዶ እግራቸው ሲወጡ አያማቸውም፣ አያንሸራትታቸውምም። ግድግዳው ከወዲሁ እርጥብ ከሆነ ደግሞ አልጋ ከመግዛት በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ፤ ከሻወሩ ቧንቧ የሚያፈስ ከሆነ የትኛውም አልጋ አያመልጠውም።

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ጋዜጣችሁ ስለ ቤትና ስለ ኑሮ በሚጽፍባቸው ገጾች ላይ፣ ተደራራቢ አልጋ የሚሠሩ ብየዳ ቤቶችና ነጋዴዎች በእያንዳንዱ አልጋ የላይኛ ቋሚ ላይ የሚፈቀደውን የፍራሽ ውፍረት በቀለም መስመር እንዲያመለክቱ፣ በሁለቱም ጎን መከታ የሌለውንም አልጋ ለልጆች ብለው እንዳይሸጡ የሚያሳስብ ጽሑፍ ብታወጡ፣ ለአሠሪውም ለሠሪውም የጋራ መነጋገሪያ ይሆናል። መስመሩን ለማስመር የሚያስፈልገው ሜትርና ብሩሽ ነው፤ ሁለቱም በየብየዳ ቤቱ አሉ።

ከአክብሮት ጋር፤
የእንጨት ሥራ መምህር፣ ከሐዋሳ