እማዬ፣ አበባውን እንዳትጥይው

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ደሴ ጭጋጉ ገና አልለቀቀም ብለሽኛል፤ እኛ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ነን። ሐረጎን ወርዶ እዚህ የደረሰ ሰው ሁሉ ሹራቡን አውልቆ በእጁ ይይዛል።

ትናንት በስልክ «ያ አበባ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ለበጉ ልሰጠው ነው» ስትይኝ ደነገጥኩ። እባክሽ እንዳታደርጊው! አበባው ካላንቾ የሚሉት ነው፣ ለከብት መርዝ ነው፣ ልብ ላይ የሚሠራ ነገር አለበት። በጉ አጠገቡም አይድረስ።

ደግሞ አበባው አልሞተም። ዘመዱን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ እንዳሁላ ነው። ይሄኛው አገሩ ማዳጋስካር ነው እንጂ ወገናቸው አንድ ነው። ውሃ የሚያጠራቅመው በቅጠሉ ስለሆነ ሥሩ ሁሌ ከረጠበ ይበሰብሳል። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርጊና ደረቅ ሲል ብቻ አጠጪው። የተተከለበት የወተት ጣሳም ቂጡ አልተበሳም፣ አንዱን የጎረቤት ልጅ ጥሪና በሚስማር ይብሳልሽ።

ቅጠል ብቻ ያደረገው ማን ይመስልሻል? እኔ ነኝ። አምና «ትንሽ ዩሪያ ጣል አድርጊበት» ያልኩሽ። ዩሪያ ግማሽ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ ቅጠል ይገፋል፣ አበባ ግን አያመጣም። ለጤፍ የሚሆን ሁሉ ለሳሎን አይሆንም ለካ።

ዋናው ጉዳይ ግን መብራቱ ነው። ይሄ አበባ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው። ቀን ብርሃን ይፈልጋል፣ ማታ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ፣ ወደ 14 ሰዓት፣ ያውም ሳይቋረጥ ለ6 ሳምንት ያህል። አንቺ ያስቀመጥሽው ቴሌቪዥኑ ጎን ነው፣ አምፖሉ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ይበራል፣ ምስኪኑ ገና አልመሸም ብሎ ቅጠሉን ያወጣል። ስገዛልሽ አብቦ የነበረውም የሚያለሙት ሰዎች ጥቁር ሸራ እያለበሱ ስለሚያሳድጉት ነው። እኛ አገር ሌሊቱ ብቻውን አይበቃውም፣ በታኅሣሥ እንኳ ቢረዝም ቢረዝም 12 ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ስንማረር ለሱ እረፍቱ ነበር።

መጀመሪያ የደረቁትን የአበባ እንጨቶች ቁረጪ። እነዚያ እንደ ክብሪት ቀጥ ብለው የቆሙት፣ ጫፋቸው ላይ ቡናማ ጭራሮ የያዙት። ከዚያ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ ካርቶን ድፊበት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንሺለት። ቀዳዳ ካለው በፕላስተር ድፈኚው። አንድ ቀን ብትረሺ አብሽሪ፣ ግን አታስለምጂው። ቀን ቀን የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ጋ አድርጊው፤ ማታ ከመስታወቱ ራቅ ይበል፣ የጦሳ ተራራን ብርድ አይችለውም። ጥቅምት ሲያልቅ ካርቶኑ ይቀራል። እንቡጡ መሀሉ ላይ እንደ ጎመን ዘር ድቅቅ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ መነጽርሽን አድርገሽ እዪው። ለገና ይደርሳል ብዬ አስባለሁ፣ ብርዱ ካዘገየው ለጥምቀት።

አምፖሉን እኔን እየጠበቅሽ እንደምታበሪው አውቃለሁ። ከሥራ ስወጣ 4 ሰዓት አልፎ ነው የምደውለው፣ አንቺ ደግሞ ድምፄን ሳትሰሚ አትተኚም። ከነገ ጀምሮ በእረፍቴ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ እደውላለሁ። አውርተን ስንጨርስ ካርቶኑን ትደፊበታለሽ፣ ማታም በጊዜ ትተኛለሽ።

ካርቶን ከሌለሽ ቅዳሜ የሳሙና ካርቶን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ በጉን እሰሪው።

ልጅሽ