ይድረስ ለአባቴ፤ ስለ ትልቁ ድንጋይ

ጅማ፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ክረምቱስ እንዴት አድርጎ ያዛችሁ? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። አንቺም ስሚኝ፦ እንደ ፈተና ወረቀት እያጣደፍሽ አታንብቢላቸው፤ ስለ ሞተር ያለውን መዝለልም ክልክል ነው።

በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ወሬውን ወደ ቡና ዋጋ አዞርኩት። ድምፅዎን እየሰማሁ ከአፌ የሚወጣ ነገር አልሆነም። አሁን ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ሳገኝ በወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

በፋሲካ ስመጣ ከአልጋው ስር ሣጥኑን ጎትተው አራት ድንጋይ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። "ስቆፍር ኖሬ አንዱንም ተሠርቶ አላየሁት። አንተ ሞተር ታውቃለህ፣ እስቲ አሳየኝ" ነበር ያሉኝ። በመንገድ ላይ ሁሉ እሱን ሳስብ ነው የመጣሁት። በ2000 ዓ.ም. ያ ኦፓል የሚሉት፣ ሲያዞሩት ቀለም ብልጭ የሚልበት የከበረ ድንጋይ ወገል ጤና አጠገብ ተገኘ ተብሎ የደላንታ ሰው መዶሻና ዶማ ይዞ ገደል ሲወርድ እርስዎም ወረዱ፤ ያኔም ልጅ አልነበሩም። ያን ያህል ተራራ ከላይ ተጭኖት፣ ኦፓሉ ያለበት ንጣፍ ግን አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ውስጥ በሆድዎ እየተሳቡ ያወጡትን ደላላው በላስቲክ ቋጥሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ማንም ነግሮን አያውቅም።

ለኔ ክረምት የሥራ ፈት ጊዜ ነው። የቡና መፈልፈያዎቹ ሞተር ተቃጥሎ ወደኔ የሚመጣው ከኅዳር ወዲያ ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ አንድ የተጣለ የውሃ ፓምፕ ሞተር እንደገና ጠመጠምኩና ለድንጋዩ አደረግሁት። በደቂቃ 1,400 ጊዜ ያህል ይዞራል። ጫፉ ላይ የእንጨት ክብ አለው። ክቡን የጠረበልኝ በርጩማ ሠሪው ጎረቤቴ ነው፤ ያ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣው። የእርስዎም በርጩማ የሱ እጅ ናት። በክቡ ላይ አልማዝ የተረጨበት ዲስክ ይለጠፋል፤ ዲስኮቹን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ውሃው ከተሰቀለ ጀሪካን በግሉኮስ ቱቦ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ባለቤቴ ቱቦውን ስታይ "ድንጋዩ ታሟል እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ውሃና መብራት አንድ ቦታ ስለሆኑ ኧርዙን፣ ወደ መሬት የሚወርደውን መከላከያ ሽቦ፣ አጥብቄ ነው ያሰርኩት፤ በሱ እንዳያስቡ።

ድንጋዩን በጣት ይዞ መሳል አይቻልም፤ ትንሽ ነው፣ ጣት ይበላል። ከጓሮ ከተገረዘ የቡና ቅርንጫፍ እርሳስ የምታህል እንጨት እቆርጥና ድንጋዩን ጫፏ ላይ አጣብቃለሁ። ሌሎች ሰም አቅልጠው ነው የሚያጣብቁት። ኦፓል ግን ሙቀት አይወድም ሲባል ስለሰማሁ ሙጫ መረጥኩ። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ኋላ ያጠፋሁትን ያጠፋሁት።

መጀመሪያ እጄን ያፍታታሁት ከቤታችን ጀርባ ለቅሜ ባመጣሁት ቀለም በሌለው ስብርባሪ ነው፤ እርስዎ "ምኑን ትሸከመዋለህ" ብለው የሳቁብኝ። በ220 ቁጥር ዲስክ ቅርጽ ይወጣል፤ ከዚያ 600፣ 1,200፣ 3,000። ቁጥሩ ባደገ መጠን ዲስኩ ይለዝባል። ሥራው ከሥር ጠፍጣፋ፣ ከላይ እንደ ሞሰብ ክዳን ጉብ ያለ ማድረግ ነው። ከባዱ ጉብታውን ማስተካከል ነው፤ የእኔ የመጀመሪያዎቹ አምስት ድንጋዮች አህያ የረገጣቸው ድንች ይመስሉ ነበር። አሁን የማደርገውን ልንገርዎ። ድንጋዩን በጨርቅ አድርቄ ከአምፖሉ ስር በዝግታ አዞረዋለሁ። የአምፖሉ ነጸብራቅ በጉብታው ላይ ሳይቆራረጥ ከሄደ ቅርጹ ደህና ነው። ድንገት ዘለል ካለ ወይም ከተጣመመ እዚያ ጋ ጠፍጣፋ ቀርቷል። ጭረት ለማየትም መድረቁ ግድ ነው፤ ውሃ ጭረትን ይደብቃል። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ እርጥቡን እያየሁ "አለቀ" ስል ከረምኩ፤ ሲደርቅ ድመት የቧጨረው ነው የሚመስለው። ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ስሻገር እጄንም እንጨቷንም ካልታጠብኩ ደግሞ አንዲት የ220 ቅንጣት ተከትላኝ መጥታ የግማሽ ቀን ሥራዬን ትሰርዘዋለች። እንደ ቆሻሻ የምትጣበቅ ነገር አላየሁም።

አሁን ወደ ትልቁ ልምጣ።

ያ ግማሽ ሎሚ የሚያህለው፣ ደላላው ስንት ጊዜ ተመላልሶ የለመነዎት፣ እርስዎም "ይሄ ለቤቴ ነው" ያሉት። ነሐሴ ላይ እጄ ተፍታታ ብዬ ጀመርኩት። ቆዳውን ከአንድ ጎን ገፈፍ ሳደርገው ከውስጥ አረንጓዴ ብልጭ አለ፣ ከአረንጓዴው ስር ቀይ። ሞተሩን አጥፍቼ ልጆቹን ጠራሁ። ከዚያ ሳልነሳ እስከ ማታ ሠራሁት፤ ሌሊቱን ደግሞ አፈሩ ይልቀቅለት ብዬ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳወጣው ቀለም የሚባል የለም። አረንጓዴውም ቀዩም ጠፍቶ የብርሌ ስባሪ መስሎ ቁጭ ብሏል። በማጉያ መነጽር አየሁት፣ ወደ መስኮት ወሰድኩት፣ ምንም። ክው አልኩ። ገደልኩት ብዬ ነው ያሰብኩት።

ያን ቀን ደውዬ ብጠይቅዎ በአንድ ቃል ይነግሩኝ ነበር። አልደወልኩም። "ሞተር ታውቃለህ" ካሉኝ በኋላ አላውቅም ማለት ከበደኝ። ማታ ባለቤቴ ቡና አፍልታ የተነሳችበት ምድጃ ገና ረመጥ ነበረው። ድንጋዩን በሣህን አድርጌ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ላዩ ላይ አይደለም፣ አጠገቡ፤ ይህችን እንኳ ለራሴ ጠበቃ ለመቆም አይደለም የምጽፋት። እራት ላይ ሳለን የሚቆላ ሽንብራ ከምጣድ ሲዘል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ። ተነስቼ ስሄድ ከዳር እስከ ዳር የሸረሪት ድር ወጥቶበታል።

ይኸው ነው አባዬ። ትልቁን ድንጋይ ሰነጠቅሁት።

ቀለሙ እኮ አልሞተም ነበር። የኛ አገር ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። እኔ በወርቅ ሠሪ ሚዛን ደረቁን ስመዝነው 31 ግራም ነበር፣ ውሃ ውስጥ አድሮ 34 ሆነ። የድንጋዩን ውስጥ እንዲህ ያስቡት፦ ምስር በጎተራ ውስጥ ሞልቶ ፍሬው ሁሉ አንድ መጠን ቢሆንና ረድፍ ይዞ ቢደረደር። ኦፓሉም እንዲያ ነው፤ ብቻ ምስሩ እጅግ ደቃቅ ነው፣ በአንዲት ሚሊ ሜትር ውስጥ 4,000 ያህሉ ይደረደራል። ብርሃን በረድፎቹ መሃል ሲገባ ተበትኖ በቀለም ይመለሳል፤ ፍሬው አነስ ካለ ሰማያዊ፣ ተለቅ ካለ ቀይ። በፍሬዎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ውሃ ሲሞላው ብርሃኑ ዝም ብሎ ያልፋል። ውሃው ሲወጣ ቀለሙ ይመለሳል። ግን ቀስ ብሎ ነው መውጣት ያለበት። ከላይ ያለው ቆዳ ቶሎ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ከሆነ ይተረተራል። የመንዙ ቡኒ ድንጋይ፣ ከኛ በፊት በ1986 ዓ.ም. ገደማ የወጣው፣ በመሰንጠቁ ስሙ ስለጠፋ ገዥዎች የኛንም መጀመሪያ በዚያ ዓይን ነበር ያዩት አሉ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ነው የእርስዎ ሥራ የገባኝ። ከጉድጓድ ያመጡትን ፀሐይ ሳያሳዩ፣ ከነጭቃው በጨርቅ ጠቅልለው አልጋ ስር ሳምንታት ያስቀምጡት ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "አልጋዬን የድንጋይ ጎተራ አደረገው" እያለች ታጉረመርም ነበር። ሌላው እርጥቡን አቅርቦ ሚዛን ሲያስከብድ እርስዎ አድርቀው አቅልለው ሲሸጡ እኔ በልቤ ሞኝነት ነው እል ነበር። ይቅርታዬን ለሁለቱም ነው የምጠይቅዎት፣ ለድንጋዩም ለዚያም።

የተሰነጠቀውን ሦስት ቀን ሳልነካው አስቀመጥኩት፤ ማየትም አልፈለግሁ። በርጩማ ሠሪው መጥቶ አገላብጦ አየውና "ወሎዬው፣ የተሰነጠቀ ግንድ ብዙ ነው የመጣልኝ፣ ከመሃሉ ማንኪያ ይወጣል" አለኝ። በስንጥቁ ተከትዬ በእጄ ለያየሁት። ሰባት ቁራጭ ወጣው። ስድስቱ ውስጣቸው ድረስ የተተረተሩ ናቸው። አንዷ፣ ባቄላ የምታህል፣ ንጹሕ ሆና ተገኘች። በዚህች ላይ አልቸኮልኩም። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ ከዚያ በጨርቅ ጠቅልሎ በላስቲክ ከረጢት፣ አፉን ትንሽ ከፈት አድርጎ ቁም ሣጥን ውስጥ። የጅማ እርጥበት ሸሚዝ በሁለት ቀን የማያደርቅ ነው፤ ሁላችንም እንረግመዋለን፣ ለዚህች ድንጋይ ግን ተስማማት። መጨረሻ ላይ በእንጨቱ ክብ ላይ ቆዳ ወጥሬ መስታወት በሚያለሰልሱበት ነጭ ዱቄት፣ ሴሪየም ኦክሳይድ በሚሉት፣ አሸኋት። አሁንም ብርሌ መስላ ነው የጨረስኳት። ቁም ሣጥኑን በአምስተኛው ቀን ስከፍት ዳሯ ወተት መስሎ ነበር። በዘጠነኛው ቀን አረንጓዴው መጣ፣ ከመሃሉ የበርበሬ ፍሬ የምታህል ቀይ። ሲያዞሯት ቀዩ ወደ ዳር ይሸሻል፣ ተመልሶም ይመጣል። ልጄ ትምህርት ቤት ልውሰዳት ብላ ለመነችኝ፣ እምቢ አልኩ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ይህንን የምታነቢው ልጅ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ድንጋይ በውሃ ካልተሳለ አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይተዋል፤ በዚህ ምክንያት ነው እኔ ከውሃውም በላይ አፍና አፍንጫ ሸፍኜ የምሠራው። እርስዎ በዚያ ጠባብ ጉድጓድ ስንት ዓመት ደረቅ ድንጋይ ሲፈልጡ ኖሩ። ያ የሌሊት ሳልዎት የብርድ ነው እያልን ዝንጅብል ስናጠጣዎት ከረምን። ደሴ ሐኪም ቤት ሲሄዱ "ገደል ውስጥ ድንጋይ እቆፍር ነበር" ብለው ይንገሩት፣ ደረትዎ በራጅ ይታይ። ለሐኪሙ "ገበሬ ነኝ" ብቻ ብለው እንዳይወጡ። የመሄጃውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ፤ ለበግ እንዳያውሉት።

ድንጋይዋ በክብሪት ቀፎ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልላ አለች። በአካባቢው ሽማግሌ ሁሉ እጅ እንደምትዞር አውቃለሁ፣ ትዙር። ብቻ ውሃ፣ ቅቤና ሽቶ አይንካት፤ በልተው የተነሱ ሰዎች እጃቸውን ሳይታጠቡ እንዳይነኳት። ድንገት ውሃ ነክቷት ብርሌ ከመሰለች አይደንግጡ፣ ምድጃ አጠገብም አያስቀምጧት። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ አልጋ ስር።

ሦስቱ ድንጋዮች እኔ ጋ አሉ፤ ከቋጠሯቸው ጨርቅ አላወጣኋቸውም። አንደኛዋ ጠቆር ያለችው ናት፣ ሁለተኛዋ ጎኗ ላይ አሁንም ግራጫው ድንጋይ የተጣበቀባት፣ ሦስተኛዋን እርስዎ "የዓርብ ድንጋይ" ይሏት ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ነግረውኝ አያውቁም። በየትኛዋ ልጀምር? ወይም ከነጭራሹ ተዋቸው ካሉኝ በጥምቀት ይዣቸው እመጣለሁ። ሳይነግሩኝ አልነካቸውም። ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ፣ ስለ ቡና ዋጋ አላወራም።

ልጅዎ