«ከሰማይ የመጣ ሕይወት» ስለተባለው ርዕስ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ቤኑ ከተባለችው አስትሮይድ (ፀሐይን ከምትዞር ትንሽ የጠፈር ዐለት) ስለመጣው አፈር በሳይንስ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ነበር ማንበብ የጀመርኩት፤ ብዙ የተደከመበት መሆኑም ያስታውቃል። ቅሬታዬ በዋናነት ከርዕሱ ጋር ነው። ርዕሱ «የምድር ሕይወት ከሰማይ መምጣቱ ተረጋገጠ» ይላል፤ ከሥሩ የቀረበው ዝርዝር ግን ይህን አያረጋግጥም፤ እንዲያውም አንዱ ግኝት በጥሞና ሲታይ ርዕሱን የሚያዳክም ሆኖ ይገኛል።

የናሳዋ ኦሳይረስ-ሬክስ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ዩታ በረሃ ላይ በፓራሹት ያወረደችው ናሙና 121.6 ግራም ብቻ ነው፤ ጥቁር ጠጠርና ብናኝ። በጃንዋሪ 2025 ይፋ በሆነው ትንታኔ፣ የምድር ሕያዋን ፕሮቲን ለመሥራት ከሚጠቀሙባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ፣ በዲኤንኤና በአርኤንኤ ውስጥ የዘር መልእክት የሚጻፍባቸው አምስቱ ቤዞች ደግሞ በሙሉ በዚህ አፈር ውስጥ መኖራቸው ታውቋል። ይህ በራሱ ትልቅ ዜና ስለሆነ ማጋነን አያስፈልገውም ነበር።

ጽሑፋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው ሌላ ውጤትም አለ። አብዛኞቹ አሚኖ አሲዶች እንደ ሁለት እጆቻችን ግራና ቀኝ አላቸው፤ ቅርጻቸው ተመሳሳይ ቢሆንም የግራ ጓንት በቀኝ እጅ ልክ እንደማይገባ ሁሉ አንዱ የሌላውን ቦታ መተካት አይችልም። የምድር ሕይወት ፕሮቲኑን የሚሠራው ከሞላ ጎደል ከግራዎቹ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አውስትራሊያ ውስጥ በወደቀው መርቺሰን በተባለ ሜትዮራይት (ከጠፈር የመጣ ድንጋይ) ላይ የአንዳንድ አሚኖ አሲዶች የግራ ዓይነት በመጠኑ በልጦ በመገኘቱ፣ ይህ ወደ ግራ ማድላት የተጀመረው ገና በጠፈር ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ ሲነገር ቆይቷል። የቤኑ አፈር ግን ግራና ቀኙን እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይዞ ተገኘ። ስለዚህ ጠፈር ለምድር ቅመሙን አቀብሎ ሊሆን ይችላል፤ ሕይወትን ሕይወት ያደረገው ምርጫ ግን ተዘጋጅቶ ስለመምጣቱ የቤኑ ናሙና ምስክር ሊሆን አይችልም።

እንዲህ ያለው መቻኮል የዛሬ ብቻ አይደለም። ስታንሊ ሚለር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሃሮልድ ዩሬ ሥር ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ሚቴን፣ አሞኒያ፣ ሃይድሮጅንና የውሃ እንፋሎት በታሸገ የመስታወት ዕቃ ውስጥ እያዘዋወረ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለቀቀባቸው። ውሃው በመጀመሪያው ቀን ሮዝ መልክ ያዘ፤ በሳምንቱ ማብቂያ ደግሞ ደፍርሶ ጠቆር ያለ ቀይ ሆነ። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የተገኙት እንደ ግላይሲንና አላኒን ያሉ አሚኖ አሲዶች ናቸው እንጂ ሕይወት ያለው አንዳች ነገር አልነበረም። እኔ ራሴ በተማሪነቴ «ሳይንቲስቶች በብልቃጥ ሕይወት ፈጥረዋል» እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር ተሟግቻለሁ፤ ያንን ስህተት ለማረም ዓመታት ፈጅቶብኛል። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የጥንቷ ምድር አየር በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን እንደነበረ ስለሚያምኑ፣ የሚለር የጋዝ ድብልቅ ራሱ አከራካሪ ሆኗል።

ከአሚኖ አሲድ እስከ ሴል ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሴል ውስጡን ከውጪው የሚለይ ሽፋን፣ ኃይል የሚያገኝበት መላ እና ለልጁ የሚያወርሰው መልእክት በአንድ ጊዜ ያስፈልጉታል። ፕሮቲን ያለ ዲኤንኤ መመሪያ አይሠራም፤ ዲኤንኤም ያለ ፕሮቲን አይባዛም፤ የትኛው ቀደመ የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው። ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን አርኤንኤ መልእክት ከመያዝ አልፎ እንደ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን እንደሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ሊሠራ እንደሚችል በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ሲያገኙ፣ ለእንቆቅልሹ አንድ በር ተከፈተ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቀላል ውህዶች ተነሥቶ ራሱን የሚያባዛ ሴል በላቦራቶሪ ያስገኘ ሰው እስካሁን የለም።

በዚህ ላይ የቋንቋ ችግር ይጨመርበታል። «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል ብዙ አንባቢ «ከሕያው ነገር የተገኘ» ብሎ ነው የሚረዳው፤ በኬሚስትሪ ግን ቃሉ በጥቅሉ የካርቦን ውህድ ማለት ነው፤ ሕይወት በሌለበትም በብዛት ይገኛል። «ለሕይወት ምቹ ቀጠና» ሲባልም አንባቢው ነዋሪ ያለበት ቦታ ይመስለዋል፤ የሚባለው ግን ፕላኔቷ ከኮከቧ ያላት ርቀት ውሃ በገጽታዋ ላይ ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ይፈቅዳል ለማለት ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ቃላት በአንድ መስመር ቢብራሩ ጽሑፉን አያረዝሙትም።

እንዳትረዱኝ የምፈራው፣ ከምድር ውጪ ሕይወት የለም ባይ አድርጋችሁ ነው። ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ሲኖራት፣ የሕይወት አሻራ ግን 3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ የአውስትራሊያ ዐለቶች ላይ ይታያልና፣ ሁኔታው ከተመቸ ሕይወት ሌላም ቦታ ብቅ ሊል ይችላል ብዬ እገምታለሁ። ግምቴ ግን ዜና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከማርስ መጥቶ አንታርክቲካ ላይ በተገኘ ሜትዮራይት ውስጥ የጥንት ባክቴሪያ ቅሪት ሳይኖር አይቀርም ሲባል፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሳይቀሩ መግለጫ ሰጥተውበት ነበር፤ በኋላ ግን አብዛኞቹ ባለሙያዎች ምልክቶቹን ያለ ሕይወትም ማስረዳት እንደሚቻል ተስማሙ። የፐርሲቪራንስ ሮቨር ማርስ ላይ ስላገኘው ነጠብጣባም ዐለት እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው ጥናት ይህን የተማረ ይመስላል፤ የሚናገረው የሕይወት ምልክት «ሊሆን ስለሚችል» ነገር ነውና። ወደ አማርኛ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወድቁት እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው።

ርዕሱ በሚቀጥለው ዕትም ማስተካከያ እንዲወጣለት፣ በጽሑፉ ሁለተኛ አንቀጽ «20ዎቹም አሚኖ አሲዶች ተገኝተዋል» የተባለውም «14ቱ» ተብሎ እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር