ሳትወልድ ግቷ ላበጠ ጊደር መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከኮምቦልቻው የመኖና የእንስሳት መድኃኒት ሱቃችሁ ነው። እንደምን ከረማችሁ?

ክረምቱ ከገባ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይደጋገምብናል። ጊደሯ በኮርማ አልተጠቃችም፣ ፍየሏም ገና ግልገል ናት፤ ግቷ ግን ተወጥሯል። «ዕጢ ነው፣ ጡት ውስጥ የሚገባውን መድኃኒት ስጡን» ትሉናላችሁ።

እውነተኛ የጡት ዕጢ በውሻ ላይ የተለመደ ነው። በላምና በፍየል ላይ ግን ብርቅ ነው። በወጣት እንስሳ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ሆርሞን ያመጣው እብጠት ነው። ብዙ ወተት ከሚሰጥ ዘር የመጣች ፍየል ሳትወልድ ግት ታወጣለች። ወጠጤው ራሱ ግት አውጥቶ ወተት የሚንጠባጠብበት ጊዜ አለ። ሟርት አይደለም፣ አትደንግጡ።

ሌላው ምክንያት መኖው ነው። እርጥበት ባገኘው በቆሎ ላይ ፉሳሪየም የሚባል ሻጋታ ይበቅላል። ይህ ሻጋታ ዚራሌኖን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ እንስሳው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ኤስትሮጅን እንደሚባለው የሴቴ ሆርሞን ይሠራል። ከሁሉም የሚጎዳው አሳማን ነው። ጊደርም አብዝታ ከበላችው ግቷ ያብጣል፣ ብልቷም ያባብጣል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሆነ መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ «ለሰው አይሆንም፣ ለከብት ይሁን» የምትሏት ነገር ትቅር። መኖው ሲቀየር እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ እየጎደለ ይሄዳል።

እስቲ በእጃችሁ ጀርባ ግቱን ዳስሱት። ለስላሳ፣ ቀዝቃዛና በሁለቱም በኩል እኩል ከሆነ ታገሱ። ትኩስ ከሆነ፣ ስትነኳት ከተራገጠች፣ ወይም በአንድ በኩል ብቻ ጓጉሎ ከጠጠረ ለሐኪም አሳዩ። እርግዝናንም አትርሱ። ከአውራ ጋር የምትውል ግልገል በ4 እና በ5 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ግቱ ሲወጠር ነው።

አደራ፣ «ይቅለላት» ብላችሁ አትለቡት። የጡቷን ጫፍ የሚዘጋ ተፈጥሯዊ መድፈኛ አለ። እሱ ከወጣ ጀርም ይገባል፤ ያኔ ያልነበረውን የጡት በሽታ በገዛ እጃችን አመጣን ማለት ነው። በታለበች ቁጥር ደግሞ ወተቱ ይጨምራል።

በዚህ ምክንያት ላልወለደች ጊደርና ፍየል ጡት ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ አንሸጥም። ሽያጭ ይቀርብናል፣ ይቅር። ከእኛ የወሰዳችሁት በቆሎ ሻግቶ ካገኛችሁት ግን ከነከረጢቱ መልሱልን፤ እንቀይርላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች
ኮምቦልቻ